ማሲንቆ ይዞ አገር መዞር፦ አንድ አዝማሪ ለጉዞ እንዴት ይዘጋጃል?

መግቢያ

ባለፈው መንፈቅ ዓመት ስለ ሥነ ቃል ስንማር መምህራችን “እያንዳንዳችሁ በአካባቢያችሁ ካሉ ባለሙያዎች አንዱን ፈልጉና ሥራውን እንዴት እንደሚሠራ ጠይቃችሁ ጻፉ” የሚል የቤት ሥራ ሰጥተውን ነበር። ጓደኞቼ ሸማኔ፣ ሸክላ ሠሪ፣ የቅኔ መምህር እያሉ ተከፋፈሉ። እኔ አዝማሪ መረጥኩ። እውነቱን ለመናገር የመረጥኩት ቀላል መስሎኝ ነው። አዝማሪ ማሲንቆውን ያነሳል፣ ሠርግ ቤት ይሄዳል፣ ይዘፍናል፣ ይሸለማል። ታዲያ ከዚህ ሌላ ምን ይጻፍለታል? ብዬ ነበር።

ነገሩ ግን እንደገመትኩት አልሆነም። ከፍኖተ ሰላም ዳር የሚኖሩ አንድ አዝማሪ ዘንድ ሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ እየሄድኩ ተቀምጫለሁ። ስማቸውን እንዳልጽፍ ስለነገሩኝ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ሳነጋግራቸው እንደነበረው “አያ” ብቻ እላቸዋለሁ። በመጀመሪያው ቀን “አያ፣ ሠርግ ተጠርተው ሲሄዱ አስቀድመው የሚያዘጋጁት ምንድን ነው?” ብዬ ጠየቅኋቸው። ማሲንቆዬን ይሉኛል ብዬ እስክርቢቶዬን አዘጋጅቻለሁ። እሳቸው ግን ሳቅ አሉና “ጆሮዬን ነዋ!” አሉኝ።

ይህ ጽሑፍ የዚህችን አጭር መልስ ትርጉም ለማብራራት የሚሞክር ነው። አዝማሪ ለጉዞ የሚያዘጋጀው ሦስት ነገር ነው፤ ዕቃውን፣ ግጥሙንና አገሩን። ከሦስቱ የሚበልጠው የመጨረሻው መሆኑን ለማሳየት እሞክራለሁ። መልካም ንባብ።

አዝማሪ ማን ነው?

አዝማሪ የሚለው ቃል “ዘመረ” ከሚለው የግእዝ ግሥ የመጣ ነው። ማሲንቆ እየመታ፣ ግጥሙን እዚያው እየፈጠረ የሚያዜም ባለሙያ ማለታችን ነው። ከዚህ ጋር የሚመሳሰሉ፣ ግን የተለዩ ሰዎችም አሉ። ላሊበላ ወይም ሀሚና የሚባሉት ጎህ ሳይቀድ በየደጁ ቆመው በድምፃቸው ብቻ ያዜማሉ። አዝማሪ ግን መሣሪያ ይዞ ወደ ድግስ ይሄዳል።

ዛሬ በከተማ “ራሱን ችሎ የሚሠራ አርቲስት” ሲባል አዲስ ነገር የመጣ ይመስለናል። የማንም ተቀጣሪ ያልሆነ፣ አሳታሚ የሌለው፣ ሥራውን ራሱ ፈጥሮ ራሱ የሚያቀርብና ራሱ የሚደራደር ማለት ነው። እንደ እኔ አስተያየት ግን ከዚህ ትርጉም ውስጥ አዝማሪ ያልነበረው አንድም ነገር የለም። ገጣሚውም፣ ዜመኛውም፣ ተጫዋቹም፣ ዋጋ ተነጋጋሪውም፣ ዕቃ ተሸካሚውም እሱው ነው። በድሮ ጊዜ በነገሥታቱና በመኳንንቱ ግቢ ተጠግተው የሚኖሩ አዝማሪዎች የነበሩ ቢሆንም አብዛኛው ግን ከመንደር መንደር፣ ከገበያ ገበያ እየዞረ የሚያድር ነበር።

በመዞሩም ምክንያት ወሬ አቀባይ ነበር። ይህ ምን ያህል ከባድ ነገር እንደነበር ለመረዳት የጣሊያንን ዘመን ማስታወስ ይበቃል። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ የፋሺስቱ አስተዳደር ጠንቋዮችንና እየዞሩ የሚያዜሙ፣ እየዞሩ የሚተርኩ ሰዎችን ይዞ እንዲገድል ትእዛዝ አስተላልፎ ነበር። ጠመንጃ ያልያዘ ሰው ለምን ተፈራ? ብለን ብንጠይቅ መልሱ ግልጽ ነው። ሕዝቡን በቃሉ የሚያገናኝ ሰው ስለነበረ ነው።

በአንጻሩ ኅብረተሰባችን ለአዝማሪ የነበረው አመለካከት ጥሩ አልነበረም። ያለ እሱ ሠርግ አይደምቅም፤ ልጁን ግን አይድርለትም። እስከ ዛሬ “ምን አዝማሪ ነው!” እንደ ስድብ ይወረወራል። አዝማሪዎችም ከዚህ የተነሣ ይመስላል እርስ በርሳቸው ብቻ የሚግባቡበት የራሳቸው ቋንቋ ፈጥረዋል። ዎልፍ ሌስላው የተባለው የቋንቋ ሊቅ ስለዚህ ቋንቋ በ1952 እ.ኤ.አ. ጥናት አሳትሟል። የቋንቋ ተማሪዎች እንደመሆናችን ይህ ብቻውን ሊያስገርመን ይገባል፤ ሌላው ሕዝብ የማይሰማውን ቋንቋ ለሥራቸው ብለው የፈጠሩ ባለሙያዎች በጎረቤታችን አሉ።

አንደኛው ዝግጅት፦ ዕቃው

ማሲንቆ ሲያዩት ቀላል ነው። አራት ማዕዘን የሆነ የእንጨት ገበቴ ነው፤ በስስ ቆዳ ይለበጣል፤ ረዘም ያለ አንገት ይተከልበታል፤ አንድ ጭራ ይወጠርበታል። ይህ “አንድ” የምንለው ጭራ ራሱ ከብዙ የፈረስ ጭራ ፀጉር የተሰበሰበ ነው። የሚመታበት ደጋንም እንዲሁ በፈረስ ጭራ የተወጠረ ነው። አያ ጭራውን የሚያስመጡት የፈረስ አገር ከሆነው ከአዊ ነው።

ጉዞ ከመጀመራቸው በፊት በመጀመሪያ ቆዳውን በጣታቸው መታ መታ ያደርጉታል። ቆዳ እርጥበት ይወዳል፤ እርጥበት ሲይዘው ይላላል፤ ሲላላ ድምፁ ይታፈናል። ስለዚህ ጤዛ ባለበት ጠዋት የደረሱ እንደሆነ ማሲንቆውን ከእሳት ራቅ አድርገው ያሞቁታል። በጣም ከቀረበ ደግሞ ይሰነጠቃል። ቀጥሎ ጭራው ይታያል። የተበጣጠሰ ፀጉር ካለ ይወጣና በአዲስ ይተካል። ደጋኑን ዕጣን ያስነኩታል። ዕጣን ያልነካው ጭራ ጭራውን አይዘውም፤ ያንሸራትተዋል፤ ድምፅም አይሰጥም። ስለዚህ በኮሮጇቸው ውስጥ ትርፍ ጭራ በጨርቅ ተጠቅልሎና ትንሽ ዕጣን በላስቲክ ታስሮ ሁልጊዜ አለ። ከዚህ ሌላ የሚይዙት ጋቢ፣ ጃንጥላ፣ የእጅ ባትሪና የስልክ ቻርጀር ነው። አለቀ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። የአገራችን ዘፈን በአብዛኛው አራት ቅኝቶች እንዳሉት ተምረናል፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ። እያንዳንዳቸው አምስት ድምፅ አላቸው። ክራር ደርዳሪ ከአንዱ ቅኝት ወደ ሌላው ሲያልፍ ክሮቹን እንደገና መቃኘት ይኖርበታል። ማሲንቆ መቺ ግን ጭራው አንድ ብቻ ስለሆነና ጭራውን በጣቱ ነካ እያደረገ ስለሚጫወት የጣቱን ቦታ ከለወጠ ቅኝቱን ለወጠ ማለት ነው። ትዝታ ሲጫወት የቆየ አዝማሪ ሙሽሮች ብቅ ሲሉ ሳያቋርጥ ወደ አንቺሆዬ ይገባል። መንገደኛ ለሆነ ሙዚቀኛ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ዕቃው ቀላል፣ ሥራው ግን ሰፊ ነው።

ሁለተኛው ዝግጅት፦ ግጥሙ

አዝማሪ ግጥሙን እዚያው ይፈጥራል ስንል ባዶ እጁን ይሄዳል ማለታችን አይደለም። አያ “ስንቅ” የሚሉት ነገር አለ። ስንቅ ማለት ለሙሽራ፣ ለአማት፣ ለሽማግሌ፣ ለሚዜ የሚሆኑ የመጀመሪያ ስንኞች ናቸው። እነዚህን ከመንገድ በፊት ያሰናዷቸዋል። ሁለተኛውን ስንኝ ግን አያዘጋጁም። ምክንያቱም ጨዋታው ያለው ሁለተኛው ላይ ነው፤ እሱ የሚመጣው ከሰውየው ስም፣ ከልብሱ፣ ከአቀማመጡ ነው።

ስለ ግጥም ልክ በክፍል ውስጥ የተማርነውን እዚህ በተግባር አየሁት። በሠርግ የሚበዛው ወል ቤት ነው፤ ስድስት በስድስት ሆኖ የሚሄደው። ሞቅ ሲል አምስት በአምስት የሆነው ሰንጎ መገን ይመጣል። ልጆች ሲጨፍሩ ደግሞ አራት በአራት የሆነው ቡሄ በሉ ይሻላል። አያ እነዚህን ስሞች አያውቋቸውም። ቀለም ቆጥረውም አያውቁም። ነገር ግን አንዲት ቀለም የበዛችበት ስንኝ ብናገር ፊታቸውን ኮስተር አድርገው “ነከሰኝ” ይሉኛል።

“ተቀበል” የምንለውም ሥርዓት የዝግጅቱ አካል መሆኑን ያወቅሁት ያኔ ነው። እንግዳው “ተቀበል!” ብሎ ግጥም ይሰጣል፤ አዝማሪው ተቀብሎ ያዜመዋል። እኔ እስከዚያ ድረስ ለእንግዳው ክብር ብቻ የሚደረግ ይመስለኝ ነበር። ለካ የእንግዳውን ግጥም ደግሞ ደጋግሞ ሲያዜም የራሱን መልስ ያስባል። ማሲንቆው ብቻውን የሚሄድበትም ጊዜ እንዲሁ ለማሰቢያ ይጠቅማል።

በሁለተኛው ቀን ደፈር ብዬ እኔም አንዲት ሰም ለበስ ግጥም ሞክሬ አሳየኋቸው። እንዲህ የምትል ነበረች፦

አንዱን በሬ ይዤ እርሻው አልሄድ አለኝ፣
ቡሬን ልፈልገው መንገዱን ማን ይስጠኝ።

እንደምታውቁት ቡሬ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት በሬ ስም ነው፤ ከተማም ነው። ሰሙ በአንድ በሬ ብቻ አልታረስ ስላለኝ ቡሬ የተባለውን በሬ ልፈልግ ነው የሚል ነው። ወርቁ ደግሞ በአንድ ከተማ ብቻ እንጀራው አልሞላ ስላለኝ ወደ ቡሬ ከተማ ለመሄድ ብፈልግ መንገዱን ማን ይከፍትልኛል የሚል ነው። ጎጃም የእነ ዋሸራ፣ የእነ ጎንጅ፣ የእነ ዲማ የቅኔ አገር ስለሆነ ትንሽ ኮራ ብዬ ነበር ያነበብኩት።

አያ ዝም ብለው ሰሙኝና “ቤቱ ገጥሟል፣ ሰምና ወርቁም አለ፤ ግን ለሠርግ አይሆንም” አሉኝ። ለምን? አልኳቸው። “ሙሽራው ምን አገባው? ይሄ ያንተ ችግር ነው። ሰው በድግሱ ላይ የራሱን ስም ነው መስማት የሚፈልግ” አሉኝ። ተማሪ ነኝና ነጥብ የተቀነሰብኝ ያህል ተሰማኝ። ነገር ግን ወደ ዋናው ጉዳይ ያስገባኝ ይህ አስተያየት ነው።

ሦስተኛው ዝግጅት፦ አገር ማወቅ

አዝማሪ የሰውን ስም ለማወደስ ስሙን ማወቅ አለበት። ስሙን ብቻ አይደለም፤ የአባቱን፣ የሚዜውን፣ የክርስትና አባቱን፣ የፈረሱን፣ ቀበሌውን ሁሉ ማወቅ ይኖርበታል። አያ ሠርግ ሲጠሩ በዋዜማው ወይም ከዚያ በፊት ወደ ቀበሌው ይወርዳሉ። በገበያ ያልፋሉ፣ ጠላ ቤት ይቀመጣሉ። ብዙ አይናገሩም፤ ይሰማሉ። በዘንድሮ በርበሬ ማን ተጠቀመ? የማን በቆሎ ተበላሸ? ቆርቆሮ ቤት አዲስ የሠራው ማን ነው? ልጁ ዩኒቨርሲቲ የገባለት ማን ነው? “ጆሮዬን ነዋ” ያሉት ይህንን ነው።

ከሚወደሰው ይልቅ ግን የማይነሣውን ማወቅ ይበልጣል። ስለዚህ የነገሩኝን አንድ ታሪክ ላካፍላችሁ። ከብዙ ዓመት በፊት፣ ገና ወጣት ሳሉ፣ ቸኩለው ምንም ሳይጠይቁ አንድ ሠርግ ቤት ገቡ። የባለቤቱን ወንድም ያውቁት ነበርና “የእገሌ ወንድም” እያሉ በስሙ ማወደስ ጀመሩ። ሰውየው ለካ በዚያው ክረምት ሞቷል። እናቲቱ ከጓዳ “ልጄን!” ብለው ወጡ። ሠርጉ ለቅሶ ሆነ። “ያን ቀን ማንም አልቆጣኝ፤ ያስጨነቀኝም ይኸው ነው” አሉኝ። ከዚያ ወዲህ በደጁ ሳይጠይቁ ደጁን አልገቡም።

ሌላም አለ። ደም የተቃቡ ወይም ገና ያልታረቁ ቤተሰቦች በአንድ ዳስ ሲቀመጡ የአንዱን ስም ከሌላው ማስቀደም ቀላል ነገር አይደለም። ጀግና ተብሎ የሚወደሰው ሰው ለሌላው ቤት ገዳይ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የእኛ ሰው ሲሰክር በቀረርቶና በፉከራ የሚነሣውን ነገር አዝማሪው በግጥም ማብረድ ይጠበቅበታል። ይህ ሁሉ ከመድረክ ሥራ ይልቅ ወደ ሽምግልና ይጠጋል ማለት ይቻላል።

ቀጥሎ የጊዜው ነገር አለ። የአዝማሪ ዓመት የሚመራው በጾሙ ነው። ከጥምቀት ማግስት ጀምሮ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ድረስ ዋናው የሠርግ ወቅት ነው። በዐቢይ ጾም 55ቱን ቀን ማሲንቆው ይሰቀላል። አያ ጭራ የሚለውጡት፣ ቆዳ የሚያስለብጡት፣ አዲስ ስንቅ የሚያወጡት ያኔ ነው። ከፋሲካ በኋላ እንደገና እስከ ክረምቱ መግቢያ ይሠራል። ክረምት ሲገባ ጭቃውም ወንዙም አያስኬድም፤ ገበሬውም በእርሻ ላይ ነው፤ እሳቸውም ትንሽ መሬታቸውን ያርሳሉ።

በመጨረሻ መንገዱ። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ የሚወስደው ዋናው መንገድ በመኪና አንድ ሰዓት አይሞላም። በመካከሉ ማንኩሳ አለች፤ የሐዲስ ዓለማየሁ “ፍቅር እስከ መቃብር” ታሪኩን የሚጀምርባት ማለት ነው። ቡሬ ደግሞ መጋጠሚያ ናት። አንዱ መንገድ በእንጅባራ በኩል ወደ ባሕር ዳር፣ ሌላው ዓባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምቴ ይሄዳል። በወዲህ በኩል ጅጋና ደምበጫ አሉ፤ ወደ ቆላው ሽንዲና ቁጭ አሉ። አዝማሪ ይህን ሁሉ በኪሎ ሜትር አይቆጥረውም። እሱ የሚያውቀው የት ማደሪያ እንዳለ፣ የትኛው ቀበሌ ዘፈን እንደሚወድ፣ የትኛው ደግሞ ቅኔ ካልሆነ እንደማይሸልም ነው።

ከእኛ መንደር እስከ ውጭ አገር

ይህ የገጠር ነገር ብቻ ነው እንዳትሉኝ፣ ወደ ውጭ የወጡ ሙዚቀኞቻችንን ታሪክም ተመልክቻለሁ። ድምፅን በሸክላ የማስቀረጹ ነገር ራሱ የጀመረው በመንገደኛ ነው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1900ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ ጀርመን በሄዱበት ጊዜ ድምፃቸውን አስቀርጸዋል፤ ከኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹ የሸክላ ቅጂዎች እነዚህ ናቸው።

በቅርብ ዘመን ደግሞ ኃይሉ መርጊያን እናገኛለን። የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ነበር። ባንዱ በ1981 እ.ኤ.አ. ወደ አሜሪካ ሲሄድ አብሮ ሄዶ እዚያው ቀረ። በ1985 እ.ኤ.አ. ብቻውን ሁሉንም መሣሪያ እየተጫወተ አንድ ካሴት ሠራ። ከዚያ በዋሽንግተን አካባቢ ለብዙ ዓመታት ታክሲ ነዳ። ነገር ግን ሙዚቃውን አልተወም። በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ በታክሲው ዕቃ መጫኛ ውስጥ ይይዝ ነበር፤ አውሮፕላን ማረፊያ ተራ ሲጠብቅ እያወጣ ይለማመዳል። አንድ አሜሪካዊ ሙዚቃ ሰብሳቢ ያንን ካሴት ያገኘው የት ይመስላችኋል? በባሕር ዳር! በ2013 እ.ኤ.አ. እንደገና ታተመ። ኃይሉም ወደ መድረክ ተመልሶ ብዙ አገር ዞረ፤ በ2018 “ላላ በሉ”፣ በ2020 “የኔ ምርጫ” የተባሉ አዳዲስ አልበሞችን አወጣ። ዕድል የመጣችው ድንገት ነው፤ እሱ ግን ተዘጋጅቶ ነው የጠበቃት።

መላኩ በላይም አለ። በአዲስ አበባ ካዛንቺስ በነበረው ፈንድቃ አዝማሪ ቤት በሽልማት ብቻ እየጨፈረ ጀመረ። በ2008 እ.ኤ.አ. ቤቱን ራሱ ተረከበ። ቆይቶም ኢትዮከለር የተባለ ቡድን አቋቁሞ ማሲንቆውን፣ ክራሩንና እስክስታውን ወደ አውሮፓና አሜሪካ መድረኮች ይዞ ዞሯል።

የእነዚህ ሰዎችና የእኛ አያ ልዩነታቸው ሰፊ ነው። የውጭ ጉዞ ፓስፖርት፣ ቪዛ፣ ውል፣ የድምፅ መሣሪያ ይፈልጋል። አድማጩም ግጥሙን አይሰማውም፤ ዜማውንና ምቱን ነው የሚሰማው። ስለዚህ በዚያ የሚወሰደው የተዘጋጀ ሥራ ነው። የአያ ሥራ ግን ከቦታው ከተነሣ ይጎድላል። የቡሬን ሠርግ ግጥም ደምበጫ ላይ ቢደግሙት ማንም አይስቅም። ቀላል የሚመስለው የእሳቸው ጉዞ በየቀኑ አዲስ ሥራ የሚጠይቅ መሆኑ እዚህ ላይ ይታያል።

መንገድ ሲዘጋ

ፍኖተ ሰላም በቀድሞ ስሟ ውጅራ ትባል ነበር። የአሁኑ ስሟ ግእዝ ነው፤ የሰላም መንገድ ማለት ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልላችን በተከሰተው ግጭት መንገዱም ሰላሙም ምን እንደደረሰበት ሁላችንም የኖርነው ነው። በዚያው ዓመት ነሐሴ 7 ቀን በከተማችን ከአየር በደረሰ ጥቃት በርካታ ሰላማዊ ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። ከዚያ ወዲህ መንገድ ሲዘጋና ሲከፈት፣ ትራንስፖርት ሲቋረጥና ሲቀጥል ቆይቷል። እኔ እዚህ ስለ ፖለቲካ ለመጻፍ አልተነሣሁም። የአዝማሪን ሥራ ምን እንዳደረገው ብቻ ልናገር።

እኔ መጀመሪያ ያሰብኩት የገቢውን ነገር ነበር። በእርግጥም ሠርግ ሲያንስ፣ ድግስ በቀን አልቆ ሰው ሳይመሽ ሲበተን ሽልማቱ ይቀንሳል። የአዝማሪ ሥራ የማታ ሥራ ነው። ነገር ግን አያ ያዘኑበት ሌላ ነው። “ሁለት ዓመት ሙሉ ቡሬ ገበያ አልወረድኩም። አሁን ቢጠሩኝ ማን እንዳለ ማን እንደሌለ አላውቅም። በማን ስም ልዝፈን?” አሉኝ። ያን የሞተ ሰው ያወደሱበትን ቀን አስታወስኩ። በዚህ ሁለት ዓመት ውስጥ ስንት ቤት ስንት ሰው እንደጎደለበት ሳይጠይቁ መግባት አይቻልም፤ ለመጠየቅ ደግሞ መሄድ ያስፈልጋል።

ዋናው ነጥቤ እዚህ ላይ ነው። የአዝማሪ ሙያ የተቀመጠው በማሲንቆው ውስጥ ብቻ አይደለም፤ በመንገዱ ውስጥም ነው። ሸማኔ መንገድ ቢዘጋበት ገበያ ያጣል እንጂ ሽመናው ከእጁ አይወጣም። አዝማሪ ግን መዞር ሲያቆም የሚያውቀው አገር እያረጀበት ይሄዳል። ጣቱ ደህና ነው፣ ድምፁ ደህና ነው፤ የሚዘፍንለት ሰው ግን የማያውቀው ሰው እየሆነ ነው።

በዚህ ላይ በከተማ ሠርግ ኪቦርድና ሞንታርቦ ቦታውን እየያዙ ነው። እኔ ኪቦርድ አልጠላም፤ የእኔ እህት ሠርግም በኪቦርድ ነው የተጨፈረው። ነገር ግን ኪቦርዱ የእናቴን ስም አላነሣም። ስልክም እንዲሁ ሁለት ፊት አለው። አንድ ወጣት የአዝማሪውን ግጥም ቀርጾ ያሠራጨዋል፤ ባለቤቱ ግን አይታወቅም፣ አይከፈለውም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 አንድ ሥራ ጥበቃ የሚያገኘው ወጥ ሲሆንና በጽሑፍም ይሁን በቀረጻ ግዙፍነት ሲያገኝ መሆኑን ይደነግጋል። ታዲያ ለአንድ ምሽት ተፈጥሮ በአየር ላይ የሚቀር ግጥም በዚህ ሚዛን እንዴት ይያዛል? የሕግ ተማሪዎች ቢጽፉበት ደስ ይለኛል።

ማጠቃለያ

ለማጠቃለል ያህል፣ አዝማሪ ራሱን ችሎ የሚሠራ መንገደኛ ሙዚቀኛ ነው። ለጉዞው ማሲንቆውን ያሰናዳል፣ የግጥም ስንቅ ይይዛል፣ ከሁሉ በላይ ግን የሚሄድበትን አገር ሰው ያጠናል። የዚህ ሦስተኛው ዝግጅት መሠረት በሰላም መዞር ነው።

እኛስ ምን እናድርግ? መንገድ መክፈት ከእኛ አቅም በላይ ነው። ሁለት ትናንሽ ነገሮችን ግን ለትምህርት ክፍላችን ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ለሥነ ቃል ስብሰባ ስንወጣ ግጥሙን ብቻ ቀድተን አንምጣ። ለማን፣ የት፣ በምን ምክንያት እንደተባለ፣ አዝማሪውም ከፈቀደ ማን እንደሆነ አብረን እንጻፍ። ያለ እሱ የምንሰበስበው ሁለተኛው ስንኝ የጠፋበት ግጥም ነው። ሁለተኛ፣ ስለ ሰምና ወርቅ፣ ስለ ወል ቤት ስንማር አንድ ቀን አዝማሪ ወደ ክፍላችን ይጋበዝ፤ እንደ ማንኛውም ባለሙያም ይከፈለው።

በሦስተኛው ቀን ስሰናበታቸው አያ ግጥሜን እንደገና እንዳነብላቸው ጠየቁኝ። አነበብኩላቸው። “ለሠርግ አይሆንም ያልኩህ እውነት ነው። ግን እስቲ ተዋት፣ እኔ ጋ ትቀመጥ፤ ቡሬ የገባሁ ቀን እዚያው በር ላይ እላታለሁ” አሉኝ። እኔም ያንን ቀን እየጠበቅሁ ነው።

ቸር ያሰማን።